«አይዞን» የሚል ትከሻውን ያስገባ

ግንቡ ወንድሜ፣ ሰላም ነህ ወይ? ፖስት ካርዷ ጠባብ ናት፤ ያየሁትን አንድ ነገር ብቻ ላውራህ።

ትናንት እዚህ ሰው አገር ባረፍኩበት ሆቴል አራት ሠራተኞች ግዙፍ ቁም ሣጥን ተሸክመው ሲወጡ ደረጃው መሃል ላይ ቆመው ቀሩ። አለቃቸው ከላይ ኮቱን እንደለበሰ እጁን ኪሱ ከቶ በቋንቋቸው «በሉ እንጂ» እንደማለት ይጮህባቸዋል። ሣጥኑ ግን ንቅንቅ አላለም። እኔም ማለፊያ አጥቼ ከታች ቆሜያለሁ። ያኔ መጋዘናችን ውስጥ ኃላፊያችንን «ትከሻህን ሳታስገባ አይዞን እንዳትለን» ያልከው ትዝ አለኝ። ሻንጣዬን አስቀምጬ ከሥር ገባሁና «አይዞን!» አልኩ። ቃሉን ማናቸውም አያውቁትም፤ ግን እኩል ተነሣን፣ ሣጥኑም ወጣ።

አለቃው ምን ማለት እንደሆነ በምልክት ጠየቀኝ። እኔም አቧራ የለበሰ ትከሻዬን አሳየሁት። ሳቀና ሄደ። የገባው አልመሰለኝም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግን ከደረጃው «አይዞን» የሚል ድምፅ ሰምቼ በሬን ከፈትኩ። አልጋ እያወጡ ነው። ከታች ከባዱን ጫፍ ይዞ «አይዞን» የሚለው ራሱ አለቃው ነው። ደረቴ እንዴት እንደተነፋ ብታይ። አንተ ፓስፖርት ሳታወጣ ቃልህ እዚህ ደርሶልሃል።

ቦታ አለቀብኝ። እናትህን ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ የመጋዘኑን ልጆች ሁሉ ሰላም በልልኝ። ኃላፊያችን ዛሬም ዳር ቆሞ ካዘዛችሁ ደግሞ ንገረው፤ የዚህ አገሩ አለቃ ኮቱን አውልቋል።

ጓደኛህ