በፍልሰታ የተጻፈው የመጨረሻ ትንበያ፦ የአቶ ተኽላይ ንጉሠ የሕይወት ታሪክ

አቶ ተኽላይ ንጉሠ ከአባታቸው ከአቶ ንጉሠ ገብረየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን አስፋው በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ኅዳር 12 ቀን 1954 ዓ.ም. በኮረም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው እህል ነጋዴ ስለነበሩ፣ ገና በልጅነታቸው ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ቁና መቁጠር ለምደው ነበር ይባላል። ዳዊት ከደገሙ በኋላ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በኮረም፣ ሁለተኛውን በማይጨው አጠናቀቁ። ከኮተቤ መምህራን ኮሌጅ በሒሳብ ትምህርት ተመርቀው ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ በአላማጣ፣ በኋላም በአዲስ አበባ አስተማሩ። ተማሪዎቻቸው ዛሬም የሚያስታውሱት አንድ ነገር አለ። በአቶ ተኽላይ ክፍል ውስጥ “ይመስለኛል” ብሎ መቀመጥ አይቻልም ነበር። “እንዴት መሰለህ? ና ሰሌዳው ላይ አሳየን” ይሏቸው ነበር።

በጥር 1986 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጽገሬዳ ጋር በሥርዓተ ቁርባን ጋብቻ ፈጸሙ። በ1988 ዓ.ም. ኢዮሲያስን፣ በ1992 ዓ.ም. ኑኃሚንን ወለዱ። በ1997 ዓ.ም. ቤተሰቡ በወይዘሮ ጽገሬዳ ታላቅ እህት ስፖንሰርነት ወደ ሜልበርን መጥቶ ፍሌሚንግተን በሚገኘው ፎቅ አሥራ አራተኛ ወለል ላይ መኖር ጀመረ። አቶ ተኽላይ እዚህም ለማስተማር የሚያበቃቸውን ወረቀት ለማግኘት ሁለት ጊዜ ሞክረው አልሆነላቸውም። ቅሬታቸውን ግን ለማንም አላሰሙም። ቢሮ አጸዱ፣ ባቡር አጠቡ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ትሩጋኒና በሚገኝ አንድ መጋዘን የዕቃ ማንሻ (ፎርክሊፍት) ሹፌር ሆኑ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ክፍል መዝለል ይቻል ነበር። በለቅሶ ላይ የሚነበብ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ይዘለዋል። እንዳይዘለል ያዘዙት ራሳቸው ወይዘሮ ጽገሬዳ ናቸው። “ሲወድቅ ሁሉም አይቷል፤ ሲነሳም ይስሙለት” ብለውኛል። እኔ ይህን የጻፍኩት ታናሽ ወንድማቸው ብስራት ነኝ፤ የታዘዝኩትን ጽፌአለሁ።

በዚያ መጋዘን የሻይ ክፍል ውስጥ ሰኞ ሰኞ ጠዋት የአሜሪካን ፉትቦል በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። በመጀመሪያው ቀን በየደቂቃው ሲቆም ቢያዩት “ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ስብሰባ?” ብለው አሳቁ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ዝም ብለው አዩ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወረቀት ይዘው መጡ። አሥር ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ የሚሰጥ ጨዋታ ለሒሳብ መምህር ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ያውቀዋል። ጨዋታው ባልከፋ። መዘዙ፣ ከጎናቸው የተቀመጠው ሰው በስልኩ ሲወራረድ ማየታቸውና በመጀመሪያው ሙከራቸው ማሸነፋቸው ነበር። በኋላ ዘመናቸው ደጋግመው “እኔ የጠፋሁት በማሸነፌ ነው፤ ያን ቀን ብሸነፍ ኖሮ ያን ቀን በተውኩት” ይሉ ነበር።

ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ አቶ ተኽላይ በውርርድ ተያዙ። ለቤት መግዣ የተቀመጠው ሁሉ ሄደ። በጾም እንኳ አልቆሙም፤ በፍልሰታ፣ ሰው ሁሉ ሱባኤ ሲገባ፣ እሳቸው የውድድር ዘመኑ ሳይጀምር የሚወጣውን የውርርድ ዋጋ ሲያሳድዱ ይውሉ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ወይዘሮ ጽገሬዳ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ እህታቸው ቤት ሄዱ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ 16 ቀን፣ ፍልሰታ በተፈታ ዕለት፣ አቶ ተኽላይ በንስሐ አባታቸው ፊት ሁለት ቃል ገቡ። አንደኛው፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ላለመወራረድ። ሁለተኛው፣ ሁልጊዜ በፍልሰታ ጾም የዚህን ጨዋታ ስም እንኳ ላለመጥራት። ባለቤታቸው ከሰባት ወር በኋላ ተመለሱ። በሴንት አልባንስ ቤት ተከራይተው እንደገና አንድ ቤተሰብ ሆኑ።

ነገር ግን ጭንቅላታቸው መቁጠሩን አልተወም። ይህንንም ለንስሐ አባታቸው ነገሩ። አባም “ቁጥሩን የሰጠህ እግዚአብሔር ነው። ለሚጠፉት አስተምርበት እንጂ አትቅበረው” አሏቸው።

የዚያ የሴንት አልባንሱ ቤት የመኪና ማቆሚያ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ጋራዥ የሆነው እንዲህ ነው። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው የመጀመሪያ እሁድ ከሰዓት፣ አቶ ተኽላይ አንድ ገጽ ትንበያ ያነቡ ነበር። ሊጉን በሙሉ አይነኩም። “ሠላሳ ሁለት ቡድን የሚከተል ሰው ቤተሰብ የለውም፤ ለኔ ቢጤ ኃጢአተኛ አራት ይበቃል” ብለው የሰሜኑን አንድ ምድብ ብቻ ያዙ፦ ዲትሮይት፣ ግሪን ቤይ፣ ሚኒሶታ እና ቺካጎ። ማን ምድቡን እንደሚያሸንፍ፣ ለምን እንደሚያሸንፍ፣ አወራራጆቹ ያወጡት ዋጋ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ይናገራሉ። ወጣቱ ያንን ሊሰማ ይመጣል። ከዚያ ግን ሰሌዳቸው ላይ የአራቱን ቡድን ዋጋ ወደ መቶኛ ይመልሱና ይደምሩታል። ድምሩ መቶ መሆን ሲገባው መቶ ሰባት፣ አንዳንዴም መቶ ስምንት ይመጣል። “ዳቦው አንድ ነው። መቶ ቁራሽ ካለው ዳቦ ላይ መቶ ሰባት ቁራሽ የሚሸጥላችሁ ሰው ሰባቱን ከየት አመጣው?” ይላሉ። መልሱንም ራሳቸው ይሰጣሉ፦ “ከእናንተ ነዋ! እንግዲህ ቤታችሁ ግቡ።”

በመጀመሪያው ዓመት አራት ሰው መጣ፤ ሦስቱ የመጡት ለመወራረድ ነበር። ባለፈው ዓመት ጋራዡ ሞልቶ በሩ ተከፍቶ ነበር የተነበበው። የመጋዘን ባልደረባቸውና ወዳጃቸው አቶ አወል አንድም ዓመት አልቀሩም። “ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የማይበሉትን ድግስ ጠሪ ነዎት” ይሏቸው ነበር። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. አቶ ተኽላይ ዲትሮይትን አንደኛ ሲያደርጉ ደግሞ “ሠላሳ ዓመት የቀረ ሙሽራ ዘንድሮ ይመጣል ነው የሚሉን?” ብለው ጋራዡን አሳቁ። ሙሽራው መጣ፤ ዲትሮይት ምድቡን አሸነፈች። አቶ አወል እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው “ወላሂ፣ ተወራርጄ ቢሆን ኖሮ!” ቢሉ፣ አቶ ተኽላይ ፈገግ እንኳ አላሉም። “አየህ አወል፣ አሁን ነው መጠንቀቅ” አሏቸው።

ስህተታቸውንም አይደብቁም ነበር። በ2011 ዓ.ም. ቺካጎን አንደኛ ብለው ያሸነፈችው ግሪን ቤይ ሆነች። በቀጣዩ ዓመት ያነበቡት ገጽ “ባለፈው ዓመት ተሳስቻለሁ” በሚል ይጀምራል።

ወይዘሮ ጽገሬዳ ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ወደ ጋራዡ አልገቡም። ሻይ አፍልተው በር ላይ ያቀብላሉ፤ ይመለሳሉ። ባላቸውን አልከለከሉም፤ ጆሯቸው ግን ያንን ጨዋታ መስማት አልቻለም።

አቶ ተኽላይ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የጣፊያ አካባቢ ካንሰር ተገኘባቸው። ሕክምናው እንደማይሠራ ሲነገራቸው ዶክተሩን “ከመቶ ስንት?” ብለው ጠየቁ። የተነገራቸውን ሰምተው “ይሄስ በትክክል የተደመረ ነው” አሉ። ከሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ሆስፒታል ተኙ።

ነሐሴ 4 ቀን እሁድ፣ ፍልሰታ ከገባ በአራተኛው ቀን፣ ኑኃሚንን ጠርተው የሰሜኑን ምድብ የውርርድ ዋጋ በስልኳ እንድትከፍትላቸው ጠየቋት። እሷም “ኦኬ ዳድ” ብላ ከፈተችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩ። ወጥታ ግን ለእናቷ “ማሚ፣ ዳድ ኦድስ እያየ ነው” ብላ የውርርድ ዋጋ ማየታቸውን ነገረቻቸው።

ወይዘሮ ጽገሬዳ ኮሪደሩ ላይ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። እኔ ስደርስ እዚያው ነበሩ። “ብስራት፣ በፍልሰታ እኮ ነው የነካው” አሉኝ። “በፍልሰታ የነካው ድሮ፣ ያኔ ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስሙን እንኳ ጠርቶ አያውቅም። ተመልሷል ማለት ነው።” “ይሂዱና ይጠይቁት” አልኳቸው። “አልጠይቀውም። ከጠየቅሁት ሊዋሸኝ ይችላል። ቁማሩንም ውሸቱንም ይዞ ከሚሄድብኝ ባልጠይቀው ይሻላል” አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ የባላቸውን እግር እያሹ፣ ትራሳቸውን እያስተካከሉ፣ ዓይን ዓይናቸውን ሳያዩ አስታመሙ። የሚያስፈራቸው ሞቱ አልነበረም፤ ለሞቱ ተዘጋጅተዋል። የሚያስፈራቸው ያ ሰው ቃሉን በመጨረሻው ሳምንት ጥሎ በአምላኩ ፊት መቆሙ ነበር።

እኔም በበኩሌ የማውቀውን አልተናገርኩም። አቶ ተኽላይ በእነዚያ ቀናት ትንሽ ትንሽ እያስጻፉኝ ነበር። “ለማንም እንዳትናገር” ስላሉኝ ዝም አልኩ። ወይዘሮ ጽገሬዳ የሚሠቃዩት በምን እንደሆነ እያየሁ ዝም ማለቴን ዛሬ እንደ ኃጢአት እቆጥረዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ነሐሴ 7 ቀን ረቡዕ የንስሐ አባታቸው ሊያቆርቧቸው መጡ። ሲወጡ ወይዘሮ ጽገሬዳ ሊፍቱ ጋ ጠበቋቸው። ጥያቄውን እስከ መጨረሻ መናገር አልቻሉም። አባም “ልጄ፣ ንስሐውን አልነግርሽም” አሉ። “ፈቃድ የጠየቀኝን ግን እነግርሻለሁ። በሐምሌ ደውሎልኝ፦ አባ፣ እስከ ነሐሴ 16 የምደርስ አይመስለኝም፤ ወጣቶቹ ጋራዡ ደርሰው ባዶ እንዳያገኙት፣ ዘንድሮ ብቻ በጾሙ ውስጥ እንድጽፍ ይፈቀድልኝ አለኝ። ፈቀድኩለት። ዋጋውን ካላየ አይጽፈውም፤ እሱንም ነግሮኛል።”

ወይዘሮ ጽገሬዳ ወደ ክፍሉ የገቡት እያለቀሱና እየሳቁ ነበር።

“አንተ ሰው! ለአባ ነግረህ ለእኔ አትነግረኝም?”

“አንቺማ አትፈቅጂልኝም ብዬ ነዋ!” አሉ አቶ ተኽላይ።

“አልፈቅድም ነበር!”

“ይኸው፤ አወቅኩሽ።”

ከዚያ ወይዘሮ ጽገሬዳ አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። ወረቀቱን ከእኔ ተቀብለው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና “የቀረውን እኔ እጽፋለሁ” አሉ። የዘንድሮው ትንበያ ግማሹ በእኔ፣ ግማሹ በእሳቸው እጅ የተጻፈ ነው። ግሪን ቤይን አንደኛ አደረጉ። ዲትሮይት የጨዋታ ስልቷን የሚነድፉላት ሁለቱ ረዳት አሠልጣኞች ስለሄዱባት “ወጥ ቤት የለወጠች ሠርገኛ ናት፤ ጥቂት እንጠብቃት” አሉ። ሚኒሶታ ጨዋታዋን የሚመራላት ገና ያልተፈተነ ልጅ ነው። ቺካጎን የመጨረሻ ሲያስጽፉ ወይዘሮ ጽገሬዳ ብዕሩን አቆሙ።

“ለምን መጨረሻ?”

“ዋጋዋ አራተኛ ነዋ።”

“ዋጋውን የሚያወጡት ሻጮቹ ናቸው ስትል አልነበር እንዴ? ዲትሮይትን ከተዉት አሠልጣኞች አንዱ እሷ ጋ አልነበር የመጣው? በር ላይ ስቆም ጆሮ የሌለኝ መሰለህ?”

አቶ ተኽላይ ነርሷ እስክትመጣ ድረስ ሳቁ። ሲረጋጉ “እንግዲህ ሁለተኛ አድርጊያት” አሉ፤ ሁለተኛ ሆና ተጻፈች። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ራሳቸው ጣታቸውን እያነሱ አስጻፉ፦ “ይህን ሁሉ አውቄ አልወራረድም፤ እናንተም አትወራረዱ።”

ከዚያ በኋላ ስድስት ቀን ኖሩ። ባልና ሚስቱ እነዚያን ቀናት ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ ስለ አላማጣም ስለ ልጆቻቸውም እያወሩ አሳለፉ። አቶ ተኽላይ ንጉሠ በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው፣ ማክሰኞ ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት፣ ሜልበርን ውስጥ ቤተሰባቸው ከቧቸው በሰላም አረፉ። ወይዘሮ ጽገሬዳ ዓይናቸውን ከከደኑላቸው በኋላ ያሉት አንድ ቃል ነው፤ “ተመስገን” አሉ። እኛ አጠገባቸው የነበርነው ደንግጠን ነበር፤ “ቃሉን ጠብቆ ሄደ” ማለታቸው እንደሆነ የገባን ቆይቶ ነው።

አቶ ተኽላይ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጽገሬዳን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ በኮረም የሚኖሩ ሁለት እህቶቻቸውን፣ እኔን ታናሽ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም በየዓመቱ ጋራዣቸው ውስጥ ቆመው የሚሰሟቸውን ብዙ የመንፈስ ልጆች ትተው ሄደዋል። ከእነዚህ መካከል ውርርድ ትቶ ዛሬ በንጹሕ እጁ ሬሳቸውን የተሸከመ አለ፤ ማን እንደሆነ እሱ ያውቃል።

ልባችን አዝኗል፤ ሸክሙ ግን ቀሎልናል። የወደቀውን ሰው የሚያነሳ፣ የተነሳውንም እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ደግፎ የሚያቆም አምላክ፣ ቃላቸውን ጠብቀው ወደ እሱ የመጡትን የወንድማችንን የአቶ ተኽላይን ነፍስ በፊቱ ያሳርፍልን። ለወይዘሮ ጽገሬዳም ያ ረቡዕ የሰጣቸውን ዕረፍት እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አይውሰድባቸው። አሜን።