በእህቴ ድምፅ የተሟላው የንብረት ቆጠራ

ቀን፦ ጥር 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለሰንበሌጥ ተፋሰስ ልማት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ቢቸና

ጉዳዩ፦ ከእህቴ ሱቅ ተወስዶ በንብረት ክፍል በተያዘው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ድምፅ ከመጥፋቱ በፊት እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች የኔሰው አካለ ወልድ የቢቸና ከተማ ነዋሪ ስሆን የምተዳደረው በወፍጮ ቤት ሠራተኛነት ነው። ከሥራ መልስ አሮጌ ኮምፒውተር እየፈታሁ መግጠም እወዳለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ አበላሽቼ አበላሽቼ ነው የለመድሁት። ከተጣለ ፕሪንተር ሞተር አውጥቼ የዶሮ ቤቴ በር ጠዋት ጠዋት በራሱ እንዲከፈት አድርጌአለሁ። ሰፈሩ “ብረት ለቃሚው” ይለኛል፤ እውነት ስለሆነ አልከፋኝም። ይህን የምገልጸው ለመመጻደቅ ሳይሆን፣ የተወሰደብን ዕቃ ምን እንደሆነ እንዲረዱልኝ ነው። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ ከመነሻው እጀምራለሁ።

1. ታላቅ እህቴ ወ/ሮ ስርጉት አካለ ወልድ ሽንኩርት፣ ጨውና በርበሬ እየሸጠች የምትተዳደር፣ ባሏ የሞተባት፣ የአንዲት ልጅ እናት ናት። በ2013 ዓ.ም. ማንቁርቷ ላይ ካንሰር ተገኘባት። ሐኪሞቹ ለመዳን ማንቁርቷ መውጣት እንዳለበት፣ ከወጣ በኋላ ግን በድምፅ መናገር እንደማትችል ነገሯት። ቀዶ ሕክምናው እስኪደርስ አሥራ አንድ ቀን ነበረን። በእነዚያ ቀናት እቤቴ እየመጣች፣ እኔ ዶሮዎቹን አባርሬ በር እየዘጋሁ፣ ዘጠና አራት ቃላትና ዓረፍተ ነገሮች በራሷ ድምፅ ቀዳሁላት። ፊደል ስላልቆጠረች ኪቦርዱ ላይ የሽንኩርቱን፣ የጨውን፣ የሰዉን ሥዕል ለጠፍሁላት። ቁልፉን ስትጫን ኮምፒውተሩ “ሽንኩርቱ የዛሬ ነው” ወይም “ዱቤ የለም፣ ዘመድም ብትሆን” ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ነገደች። በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው ሳይገዛ እንኳ ሰላምታዋን ለመስማት ይቆም ነበር።

2. የኮምፒውተሩ የውስጥ ዕቃ ከየቦታው የለቀምሁት ሲሆን፣ ድምፁ ያለበት ዲስክ የግሌ ነው። የቆርቆሮ ሣጥኑን ግን የጽሕፈት ቤታችሁ የሞጣ ቅርንጫፍ በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የአሮጌ ዕቃ ጨረታ ከሌሎች አምስት ሣጥኖች ጋር ገዝቼ፣ በአውቶቡስ ጭኔ ላይ አድርጌ አመጣሁት። ከሸረሪት ድር በቀር በውስጡ ምንም አልነበረም። ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ የንብረት ቁጥር ነበረበት። አልፋቅሁትም። የመንግሥት ጽሑፍ መፋቅ ነውር መስሎኝ ነበር። እንዲህ ያለ ጨዋነት ምን እንደሚያመጣ አሁን ተምሬአለሁ።

3. ኅዳር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. የንብረት ክፍል ሠራተኛው አቶ ስጦታው ሽንኩርት ሊገዙ መጥተው ቁጥሩን አዩ። በማግስቱ ከሁለት ጥበቃዎች ጋር ተመልሰው ገመዱን ነቅለው ኮምፒውተሩን ከነኪቦርዱ ወሰዱት። ስርጉት እጃቸውን እየያዘች እስከ ግቢያችሁ በር ተከተለቻቸው። ጮኻ እንዳትከራከር ድምፅዋን ተሸክመውት ይሄዱ ነበር። ሽንኩርቱን ግን ሳይገዙ አልቀሩም።

4. ደረሰኜን ይዤ ቀረብሁ። ደረሰኙ “ባዶ የኮምፒውተር ሣጥን፣ 6” ይላል እንጂ ቁጥር ስለማይጠቅስ አያስረዳም ተባልሁ። ሞጣ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ሣጥኑ ሲሸጥ ቁጥሩ ከመዝገብ እንዳልተሰረዘ አመኑልኝ፣ “እንሰርዛለን፣ ግን ቢቸና ይጻፍልን” አሉኝ። ቢቸና ደግሞ “ሞጣ ይጻፍልን” አለ። ለአምስተኛ ጊዜ ስመላለስ የመዝገብ ቤቷ ወ/ሮ ፈንታነሽ አዝነውልኝ ነው መሰለኝ እውነቱን ነገሩኝ። በግማሽ ዓመቱ ቆጠራ አንድ ኮምፒውተር ጎድሎ ነበር፤ የእህቴ ሲገባ ቆጠራው ሞላ፤ ተፈርሞም ተላከ። “አሁን አንተ ከወሰድኸው እንደገና ይጎድላላ፣ ወንድሜ” አሉኝ። በእውነት የጠፋው ኮምፒውተር ወዴት እንደሄደ የጠየቀ ሰው የለም። የወሰደውን መጠየቅ ያስፈራል፤ ሽንኩርት ሻጭ ግን አታስፈራም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ክቡር ሆይ፣ በአክብሮት እጽፋለሁ እንጂ ነገሩ አንገሽግሾኛል።

5. ከዚህ በታች ያለውን ባልጽፈው እመርጥ ነበር። ታኅሣሥ 27 ቀን ከእህቴ ጋር ወደ ንብረት ክፍል ስንሄድ ከውስጥ የእህቴ ድምፅ ተሰማ። “ደህና ዋላችሁ፣ ልጆችስ?” ይላል። ሠራተኞች ሻይ እየጠጡ ቁልፎቹን በየተራ እየነኩ ይስቃሉ። ከቁልፎቹ አንዱን ስርጉት ራሷ በፕላስተር ሸፍናው ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም። ፕላስተሩን ልጠውታል። በዚያ ቁልፍ ያለው ለአንድ ልጇ ለመክሊት፣ በሠርጓ ቀን የእናቷን ጉልበት ስትስም እንድትሰማው የቀዳችው ምርቃት ነው። መክሊት ያኔ እጮኛ እንኳ አልነበራትም። እህቴ ግን “ያን ቀን ዱዳ ሆኜ ልጄን በጭብጨባ ልሸኛት?” ብላ በመጨረሻው ቀን፣ ጉሮሮዋ እየደማ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ቀዳችው። “ውለጅ፣ ክበጅ። እሾህ አይውጋሽ፣ እንቅፋት አይምታሽ። እኔን ያየ አምላክ አንችንም ይይሽ” የሚል ነው።

ይህ ምርቃት ከኮምፒውተሩ ሲሰማ አቶ ስጦታው የሻይ ብርጭቆአቸውን እንደያዙ ወለሉ ላይ ተንበርክከው፣ እንደ ሙሽራ አንገታቸውን ሰብረው፣ የጠረጴዛውን እግር ሳሙ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንደገና ይባል ተብሎ እንደገና ተነካ። እህቴ ከኋላዬ ቆማ ሁሉን አይታለች። እኔ በአጥሩ በኩል ሄጄ አስመለስሁ። ይህን በማመልከቻ ውስጥ መጻፍ ደንብ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሌላ የሚገልጸው ቃል ግን አጣሁ።

6. ኮምፒውተሩ ጥር 15 ቀን ለሌላ ክፍል ስለሚሰጥ በውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚደመሰስ የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ነግሮኛል። የመክሊት ሠርግ እሑድ ጥር 21 ቀን ነው። የድምፁ ሌላ ቅጂ የለኝም። ለሰው ሁሉ “ቅጂ ያዙ” እያልሁ ስመክር የኖርሁ ሰው ለገዛ እህቴ አልያዝሁም፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ በማንም አላሳብብም።

ስለዚህ፦

ሀ) ሣጥኑን አልጠይቅም። ቁጥሩ እዚያው ይቀመጥ፣ ቆጠራችሁም ሙሉ ይሁን። ዲስኩን ብቻ ፈትቼ እንድወስድ ይፈቀድልኝ፤ በምትኩ የሚሠራ ሌላ ዲስክ ገጥሜ እሰጣለሁ።

ለ) ይህ ካልተፈቀደ ጥበቃ አጠገቤ ቆሞ ድምፁን ብቻ እንድገለብጥ ግማሽ ሰዓት ይሰጠኝ።

ሐ) ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ማንም ያንን ቁልፍ እንዳይነካ በጽሑፍ ይታዘዝልኝ።

ክቡር ሆይ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች ምርቃቱን ሁለት ጊዜ ሰምተውታል። ጥበቃዎቹም በመስኮት ሰምተዋል። ሙሽራዋ ገና አልሰማችውም።

ብከፋም ሰላምታ አልነፍግምና፣ ከሰላምታ ጋር

የኔሰው አካለ ወልድ (ፊርማ)
ስርጉት አካለ ወልድ (የአውራ ጣት አሻራ)