ትከሻ ያልሰጠሁበት ቀን

ይድረስ አንድ ጡት አብሬው ለጠባሁት ወንድሜ፤ ቢቸና።

እንደምን ሰንብተሃል? ሐዘኑስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ሰብለ ወንጌል፣ ልጆቹ፣ ያቺ እናትህን እናናን ያስታመመችው አየሁሽ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ሞጣ እስትንፋሴ አለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስደውል አታነሳም፤ ካነሳህም ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለህ። ወረቀት ግን አይዘጋም፤ አንብበህ ስትጨርስ ብትቀደው ያንተ ፈንታ ነው።

የተቀየምክበትን አውቃለሁ። የእናና ውበቴ አስከሬን ከቤት ሲነሳ፣ ከፊት በኩል ግባ ብለህ በዓይንህ ጠራኸኝ። እኔ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። አገር ሁሉ አየ። እናቴ እኔን ወልዳ ስትሞት አንዱን ጡቷን ካንተ ነጥላ ያሳደገችኝ ሴት፣ ሌላው ሲሸከማት እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ከባልቴቶቹ ኋላ ተጎተትሁ። ጎረቤትህ ታዘበው፣ ሞጣ ገብቶ እህል ሲነግድ ኮራ ወይስ ትከሻው ቀለጠ እያለ ሲያጉተመትም ሰምቼዋለሁ። ድንኳን ውስጥ እጄን ስዘረጋልህ ፊትህን አዞርህ። እህል ሳልቀምስ ወጣሁ። ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ታዘበው እንኳ አንዷን አግኝቷታል፤ ትከሻዬ ቀልጧል።

አምና ሰኔ ባሕር ዳር የታከምሁት ጨጓራ ነው ብዬህ አልነበር? ዋሽቼህ ነው። አንጀቴ ተጠማዞ ሞት አፋፍ ደርሼ ነበር። የሞተውን ቆርጠው የተረፈውን በግራ ሆዴ በኩል ወደ ውጭ አወጡት። አሁን የምጸዳዳው ሆዴ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ነው። በቃ፣ ነገርኩህ! ፊቴ እሳት ሆኗል ይህን ስጽፍ።

ከዚያ ምን አደረግሁ? ተኛሁ። ብነቃነቅ አንጀቴ የሚዘረገፍ መስሎኝ ክረምቱን ሙሉ ተጋድሜ ከረምሁ። ሰው ሲያንኳኳ እንቅልፍ ላይ ነኝ እላለሁ፤ የምሸት ይመስለኛላ። ቅዳሴም ቢሆን ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ ነው የማስቀድሰው። ያ ኩንታል ጤፍ ብቻውን አንስቶ አይሱዙ ላይ የሚወረውረው ሰውዬ፣ ጭኑ እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ ከአልጋ ሲነሳ ግድግዳ መያዝ ጀመረ። መስከረም ላይ ሳል ያዘኝና ከመውጫው አጠገብ ሙልሙል ዳቦ የሚያህል እብጠት ብቅ አለ። ነርሷ ስርጉት አይታ ጮኸችብኝ። ተኝተህ ተኝተህ ጡንቻህን ጨረስከው፤ የሆድህ ግድግዳ ሲሳሳ አንጀቱ እየገፋ ነው፤ ይኸውልህ ቡአ ጀምሮሃል አለች። ቀስ እያልክ በየቀኑ ተራመድ፣ ስታስል በመዳፍህ ደግፈው፣ የሆድ መደገፊያ ቀበቶ አስመጣ፣ ከባድ ነገር ግን እንዳትነካ፤ አንጀቱ ወጥቶ ከታነቀ ሁለተኛ ቢላዋ ነው ብላ አስጠነቀቀችኝ። ቡአ የሽማግሌ ይመስለኝ ነበር እኮ፤ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ማለት ይኸው ነው።

ይህን ከአንድ ሰው በቀር ማንም አያውቅም። ጥር ላይ እናና ለንግሥ መርጡለ ማርያም ሄዳ ቆየች ብለኸኝ አልነበር? እኔ ዘንድ ነበረች። ድምፅህ በስልክ አላማረኝም ብላ መጣች። እንቅልፍ ላይ ነኝ ብላት እሷ የምትሰማ ናት? ገፍታ ገባች። አየች። አላለቀሰችም፣ አፍንጫዋንም አልያዘችም። ሕፃን ሳለህ የሚጠርግህ ማን ነበር አለችኝና ውኃ አሞቀች። ቀበቶው እስኪመጣ ብላ ያንን ጫፉ ቀይ ጥለት የሆነውን መቀነት ከወገቧ ፈታች፤ ስርጉት እንዳሳየቻት መውጫውን ሳትጫን ሆዴን አሰረችኝ። ተነሥ አንተ ሰነፍ እያለች ጠዋት ጠዋት ክንዴን ይዛ አራመደችኝ። ሳስል መዳፏን ሆዴ ላይ ታደርጋለች። ስትመለስ ለማንም እንዳትነግሪ ብዬ ገዘትኋት። እሺ፣ ለወንድምህ ግን ራስህ ንገረው አለችኝ። በሕይወት ያየኋት ያን ጊዜ ነው የመጨረሻው። ከሄደች ወዲህ የሰው እጅ ነክቶኝ አያውቅም።

ወንድሜ፣ የቀብሯ ዕለት ልግባና ይፈንዳ ብዬ ወደ ቃሬዛው አንድ እርምጃ ሄጄ ነበር። ግን ያቆመችኝ እሷ፤ የሷን ልፋት በሷው ቀብር ላይ ላፍርሰው? አልቻልሁም።

አንድ ሌላ ነገር። ግነዛው ላይ ሰብለ ወንጌል የእናናን የሠርጓን መቀነት ፈልጋ አጣችው። ከእኔ ጋር ይቀበር ትል ነበር እያለች ስታለቅስ ከደጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። አሁን አየሁሽ ተጠርጥራለች አሉ። ያቺን ልጅ ተዋት፤ አልነካችውም። እናንተ ሳጥን ስትገለብጡ መቀነቱ እዚያው ግቢ፣ ከጋቢዬ ሥር ነበር። ቀበቶው ከመጣ ቆይቷል። እኔ ነኝ ያልቀየርሁት።

ለአርባዋ እመጣለሁ። ደብረ ወርቅ ላይ ወርጄ ከረጢቴን የማራግፍበት ጥግ ስፈልግ እንደ ሌባ ዞር ዞር ማለቱ አለብኝ፤ ግድ የለም፣ እመጣለሁ። ድንኳኑ ውስጥ አስቀምጠኝ አልልህም። ጓዳ አስገባኝና መቀነቱን ፈትቼ ልስጥህ፤ ለመቃብሯም ይሁን ለልጅህ አንተ ታውቃለህ። ብቻ እሱን ፈትቼ ቀበቶውን እስካስር ድረስ፣ መዳፍህን ሆዴ ላይ ያዝልኝ።

እናናን ከደጋጎቹ እቅፍ ያኑርልን። ቤትህን ሰላም ያድርገው፤ ልጆችህን ከክፉ ደዌ ይሰውርልህ፤ አሜን።

የእናትህ ልጅ፣
ከሞጣ