ያጠበብኩት ቀሚስ

ውድ ልጄ፣ የእኔ አምፖል፣

እጄ መርፌ እንጂ ብዕር አይቀናውም፤ ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ።

ሰማያዊው ቀሚስሽ ካረፍሽ ጀምሮ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነበር። ሕክምናው ባከሳሽ ቁጥር ጎንና ጎኑን ሳጠብብልሽ፣ «እማዬ፣ ትርፉን ጨርቅ እንዳትቆርጪው፤ ስወፍር ትለቂልኛለሽ» ትይኝ ነበር። አልቆረጥኩትም። የምለቅበት ቀን ግን አልመጣም።

ባለፈው ሳምንት ኳስ መጣች። ያቺ የሆስፒታል ጓደኛሽ፤ ፀጉራችሁ ሲረግፍ አንቺ ኳስ ያልሻት፣ እሷም አምፖል ያለችሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መዳኗን የሰማሁ ዕለት ደስ አላለኝም። ሆዴ «የእኔዋስ?» አለ። በሩን ስከፍትላት ፀጉሯ ትከሻዋን ነክቷል። ዓይኔን መለስኩ።

«እማማ፣ ቀብሯ ላይ ያልመጣሁት ጨክኜ አይደለም። በምን ዓይኔ ልይዎት?»

«ምን አጠፋሽና?»

«ዳንኩ።»

እዚያው በሩ ላይ አቀፍኳት።

ትንሽ ራሷን ካመማት «ተመለሰብኝ» ብላ ትንቀጠቀጣለች። ለማን ትናገር? ቤተሰቦቿ «ከሞት ተርፈሽ ደግሞ ምን ያስተክዝሻል?» ይሏታል። «ሲያመኝ ሰው ሁሉ እንዴት አደርሽ ይለኝ ነበር» አለችኝ። «አሁን ትምህርት መቼ ትጀምሪያለሽ ነው እንጂ፣ እንዴት አደርሽ የሚለኝ የለም።»

ልጄ፣ አንቺም እንዲህ ትፈሪ ነበር? «ደህና ነኝ፣ እማዬ» ብለሽ ወደ ግድግዳው ስትዞሪ፣ እንቅልፍ መጣላት ብዬ ብርድ ልብስ እደርብልሽ ነበር።

ቀሚስሽን አውርጄ ሞክሪው አልኳት። ጠበባት። ምላጬን አንስቼ የሰፋሁትን ሁሉ ተረተርኩት። ውስጥ የነበረው ጨርቅ ፀሐይ ስላልነካው ደምቆ ቀርቷል፤ በጎንና በጎኗ መስመር ሠራባት። መስታወት ፊት ቆማ፣ «ኳስ መስመር አይጠፋውም» አለች። ሳቀች። ከዚያ መቆም እስኪያቅታት አለቀሰች፤ እኔም።

ሆስፒታሉ የጭንቀት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዞላት ኖሮ ብቻዬን አልገባም ብላ ቀርታ ነበር። ሐሙስ አብሬያት እሄዳለሁ። እሷ እስክትወጣ ውጭ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ አንቺን የጠበቅኩባቸውን ወንበሮች አውቃቸው የለ?

በየማለዳው እየደወልኩ እንዴት አደርሽ እላታለሁ። ስልኩን ስዘጋ ወደ አልጋሽ ዞሬ አንቺንም እጠይቅሻለሁ።

ደህና ነኝ እንዳትይኝ።

እናትሽ