ከጀልባው የመጣው ባትሪ

ይድረስ ለምወድህ ወንድምዓለሜ፤

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? የጣና ንፋስ እንዴት ይዞሃል? እኛ እዚህ ንፋስ መውጫ፣ አምላክ ይመስገን፣ ደኅና ነን። እማዬን ብቻ እህል አልበላ ብሏታል።

ባትሪው ደርሷል። ያገለገለ የሸራ ጀልባ ገዛሁ ብለህ ስትደውል፣ የጋይንት ገብስ አራሽ ልጅ ከጀልባ ምን አገናኘው፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ብዬ ስቄብህ ነበር። ፓምፑን ስታስነሣ መብራቱ እንደሚፈዝ ስትነግረኝ ግን ሳቄን ዋጥሁት። ፓምፑ ካልሠራ ጀልባው ውስጥ የገባውን ውኃ ምን ያወጣዋል? ባትሪ መጠገን እንጀራዬ ነውና ላክልኝ፣ ሳልመረምረው እንዳትወጣበት አልሁህ። እሺ ብለኸኝ ነበር።

ያመጣልኝ የሚኒባሱ ረዳት ጥጋቡ ነው። ማክሰኞ ባሕር ዳር መነኸሪያ ልብሱ የሚንጠባጠብ ሰው ለእህቴ አድርስልኝ ብሎ ሰጠኝ አለኝ። በዚህ በጋ፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት! ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ።

ባትሪውን አሳርፌ ስለካው ቴስተሩ ሙሉ አሳየኝ። አምፖል አገናኝቼ ጭነት ስሰጠው ግን ኃይሉ ወዲያው ወደቀ። ክዳኖቹን ከፍቼ አሲዱን በየሴሉ ስመዝን፣ ከመካከለኞቹ ሴሎች የአንዱ አሲድ ተራ ውኃ ሆኗል። እንዲህ ያለ ባትሪ ሲያርፍ ጤነኛ ይመስላል፣ ሥራ ሲመጣ ይከዳል። ልነግርህ ደወልሁ፤ አላነሣህም።

ያነሣው ጓደኛህ ቀለመ ወርቅ ነው። ጀልባዋ እሑድ ሰጥማለች አለኝ። ባትሪው የተላከው ግን ከዚያ ሁለት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ ነው አልሁት። አንተን አላገኙህም። እሺ ብለህ መውጣትህ አሁንም ያንገበግበኛል።

ቄሱ ተዝካርህ ይውጣ አሉ። እማዬ ግን ዕቃ የላከልኝን ልጅ ተዝካር አላወጣም አለች። መንገዱ እንዳይጠፋህ ብላ ባትሪውን ከደጃፉ አምፖል ጋር አስቀጠለችኝ። አምፖሉ የጠፋ ዕለት አለቅሳለሁ ብላም ማለች። ብርሃኑ ሲፈዝባት ከዚሁ ከጋይንት ቤተ ልሔም ጠበል አስመጥታ በየሴሉ ሞላችበት። ተቆጣኋት። ይህ የሚጠጣው የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ነው፣ ገደልሽው አልኋት። ሰው የሚያድን ጠበል ባትሪ ያቅተዋል ወይ አለችኝ። ስለካው ዜሮ ነው፣ ባዶ። አምፖሉ ግን ከበፊቱ ይልቅ ደምቆ በራ።

ወንድሜ፣ እናታችን እያለቀች ነው። በሩን ስታይ ትውላለች፣ እንባ የላት፣ እንቅልፍ የላት። ካላለቀሰች ሐዘኑ ይዟት ይሄዳል። ስለዚህ ዛሬ ጧት ቅዳሴ ስትሄድ ጠብቄ ሽቦውን ከባትሪው ነቀልሁት።

ይህን ስጽፍልህ የሽቦው ጫፎች ጉልበቴ ላይ ናቸው። አምፖሉ እንደ በራ ነው። ከደጃፉም ላይ እርጥብ የእግር ዱካ አለ፤ የመጣ እንጂ የተመለሰ የለም።

መንገዱ አልጠፋህም፣ ደርሰሃል። አሁን እባክህ አንተው አጥፋላት። ታልቅስ።

ያለህበትን ብርድ አምላክ ያቅልልህ፤ የእናታችን ምርቃት ካለህበት ይድረስህ።

የምትወድህ እህትህ