ሣሩ እስኪረጥብ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ? ባለቤትሽስ ያንን ሳቁን እንደያዘ ነው? እኔ አለሁ፤ ደህና ነኝ እንዳልል ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አባባ አልጋ ከያዘ ወዲህ በሩ በተንኳኳ ቁጥር «መጣ ወይ?» ይላል ያልሽው አንጀቴን ቆረጠው።

የምጠብቀው ጫካ አንቺ እንደምታስቢው ጥቅጥቅ ያለ አይደለም። ደረቅ ተራራ ግርጌ ነው፤ ጥዶቹ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ተራርቀው ቆመዋል። ከሥራቸው የረገፈው ቅጠል መሬቱን ስለሚያለብሰው እዚያ ብዙም ነገር አይበቅልም። ፀሐይ በሚገባበት መሀል ለመሀል ግን ሣሩ፣ እሾሃማው ቁጥቋጦ፣ ጦስኝ ጦስኝ የሚሸት አንድ ድንክ ተክል፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። አምና ዝናቡ ጥሩ ነበርና ሣሩ ጉልበቴ ደረሰ። እኔ ሞኙ «ተመስገን፣ እንዴት ያምራል!» አልኩ። ለካ የመረቅኩት የገዛ ማሰሪያዬን ኖሯል! አሁን ደርቆ ክው ብሏል፤ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል።

አለቃችንን «አቶ ይታያል» ነው የምንለው፤ ምን ብትጠይቂው «ይታያል» ነውና መልሱ። አባቴ ታሞብኛል ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። የሚተካኝ ሰው የለም፣ ሣሩ ካልረጠበ ወይም ካልነደደ ጠባቂ ከቦታው አይነሳም አለኝ። ጥዬ እንዳልወጣ፣ ኬላ የሚያሳልፈኝ የጉዞ ወረቀቴ እሱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል።

«ወይም ካልነደደ» ያላት ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረች። የድሮው ጠባቂ እንዳጫወተኝ፣ ሣሩ ቢነድ ትልልቆቹን ጥዶች ብዙም አይጎዳቸውም፤ ቅርፊታቸው ወፍራም ነው። እታለም፣ ካንቺ ምን እደብቃለሁ፤ ትናንት ሣሩ ውስጥ ተንበርክኬ ክብሪት ጫርኩ። ቁልቁል ሳይ፣ ከጫካው በታች የሚኖሩት የጥድ ሙጫ ለቃሚና ሚስቱ ሽማግሌ አባቱን ፀሐይ እንዲሞቅ ብለው ደጅ ፍራሽ ላይ አስተኝተውታል። ብድግ ብሎ መሮጥ የማይችል ሰው ነው። እሳቱን በጣቶቼ ጨምቄ አጠፋሁና እዚያው ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ክብሪቱን ወስጄ ለሙጫ ለቃሚው ሚስት ሰጠኋት፤ ምን ነካህ በሚል ዓይን አየችኝ።

ሰማዩ ላይ የደመና ዘር የለም። ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቀው አንድዬ ብቻ ነው። እኔም አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ መንገዱን እያየሁ እውላለሁ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቁን ልጅሽን ጎበዝ በይልኝ፤ ምላሰኛዋን ትንሿን ጆሮዋን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ። አክስታችን ቀረ ብላ እንዳትቀየመኝ፣ ጉንጯን ሳሚልኝ። አባባን ግን «ሊደርስ ነው» እያልሽ አትሸንግይው። መምጣት አልቻለም በይው። ነፍሱ እኔን ስትጠብቅ የምትጨነቅ ከሆነ፣ እጁን ያዢና «ልጅህ እዚያው ሆነህ መርቀኝ፣ አትጠብቀኝ ብሎሃል» በይው።

ወንድምሽ

ከጥዱ ጫካ ጥበቃ ቤት
ግንቦት 11 ቀን