ለጧፍ የሰጠኋት የድልድይ ጠባቂ

የሺዬ፣

ከተለያየን ዛሬ ሰባት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። «ሰባት ወር ገደማ» ብዬ ብጽፍ ትስቂ እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን ሠላሳ ዓመት መሬት ስቀይስ ኖሬ «ገደማ» የሚለውን ቃል እጄ አይጽፈውም።

በደጃችን የጀመሩት ኮብልስቶን አልቋል። ውኃው ወደ ቦዩ መውረድ ሲገባው ወደ በራችን እንዲመጣ አድርገው አንጥፈውታል። ውኃ ልክ ይዤ ሄጄ አሳየኋቸው፣ ተቆጣኋቸው። አንዱ «ጋሼ፣ ውኃው ራሱ መንገዱን ያውቃል» አለኝ። አሁን ዝናብ በጣለ ቁጥር እየዘለልኩ እገባለሁ። የተከልሽው ኮክ ዘንድሮ አፍርቷል። ልጃችን ማኅደር የመጨረሻ ዓመቷ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ግን ስለ ትንንሾቹ ሰዎችሽ ነው።

ማኅደር ከዩኒቨርሲቲ ያመጣችው ያ ጨዋታ ምን እንደሆነ በሕይወት ሳለሽ አንድ ቀን አልጠየቅኩሽም። ቅዳሜ ከሰዓት ከጓደኞቿ ከሰሚርና ከትዕግሥት ጋር ጠረጴዛውን ከበው ሲጮኹ፣ እኔ ጋዜጣዬን ይዤ ወደ ጓሮ እወጣ ነበር። አሁን ጠይቄ ተረዳሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ፈጥሮ ያንን ሰው ይሆናል። ሰሚር ታሪኩን ይተርካል። ያሰቡት መሳካት አለመሳካቱን ከስኒ የሚወጣ ባለ ቁጥር ዕጣ ይወስናል። አንቺ የሠራሻቸው ትንንሽ ምስሎች ደግሞ ማን የት እንደቆመ ያሳያሉ። ውጭ አገር እነዚህ ምስሎች ከፋብሪካ እየወጡ ይሸጣሉ አሉ። ለነሰሚር የማይታሰብ ነገር ስለነበር አንቺ ከቤት ውስጥ በተገኘው ሠራሽላቸው።

ሰሞኑን አንድ በአንድ እያነሳሁ አያቸዋለሁ። አጥንታቸው ከአሮጌ የስልክ ገመድ የወጣ ቀጭን ሽቦ ነው። ሥጋቸው ኮላ የጠጣ ሶፍት፣ መቆሚያቸው ቆርኪ፣ ጦራቸው ስቴኪኒ። የወታደሩ ቀይ ቀበቶ የማኅደር የጥፍር ቀለም ነው። የሽማግሌው ካባ ሳምንት ሙሉ ፈልጌ ያጣሁት ግራጫ ካልሲዬ ነው። የአህያዋ ጭራ ግን ከምን እንደተሠራ አልደርስበት አለኝ። የጥርስ ብሩሽ እንዳልል ጸጉሩ ይለሰልስብኛል።

ጅቡን የለካሁልሽ ቀን ትዝ ይልሻል? ማስመሪያዬን አውጥቼ ሰውዬው ሠላሳ ሚሊ ሜትር፣ ጅቡ ስድሳ መሆኑን አሳየሁሽና «ይህ ጅብ በዚህ ልክ ከሆነ በቤታችን በር አይገባም» አልኩሽ። አንቺ ቀና ሳትዪ «ስለሚፈሩት ነው» አልሽኝ። ያን ጊዜ መልስ አልመሰለኝም።

አንቺም ትጫወቺ እንደነበር አላውቅም ነበር። ዳቦ ቆርሰሽላቸው ዝም ብለሽ የምታዪ ይመስለኝ ነበር። ጥፋቴ የመጣው ከዚህ ነው።

ለአርባሽ ጧፍ የሚሠሩልን ጎረቤታችን እማማ ስንዱ «ቤት ውስጥ ሰም የለም?» ብለው ጠየቁኝ። ያን ሰሞን መሳቢያዎችሽን ሁሉ አውጥቼ መርፌውን ከመርፌ፣ ክሩን ከክር፣ ቁልፉን ከቁልፍ ስለይ ነበር የከረምኩት። ሌላ የምይዘው ነገር አጥቼ ነው። ምስሎቹን በምታስቀምጪበት የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አውራ ጣት የምታህል፣ የተጠማዘዘች፣ የጣት ምልክት የበዛባት ሰም አገኘሁ። «ሰም» ብዬ መደብኳትና ከሌላው ሰም ጋር ሰጠኋቸው። በአርባሽ ዕለት ጧፉ ሲነድ ቆሜ አየሁት። ጥሩ ነደደ፤ አላጨሰም።

ከአርባሽ በኋላ በሁለተኛው ቅዳሜ ልጆቹ መጡ። ጣሳውን ከፈቱ፣ መሳቢያውን አዩ፣ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብለው ፈለጉ። ምን እንደጠፋ ስጠይቅ ማኅደር «የእማዬ ሰው» አለችኝ። ከሰም የተሠራች ሴት ነበረች። ፊቷን በየሳምንቱ እያሞቅሽ ትለዋውጪው ስለነበር ሽቦም ቀለምም አልነበራትም። ለማን እንደሰጠኋት ነገርኳቸው። ሰሚር አፉን ያዘና «ጋሼ፣ ወይዘሮ ዘነበችን ለጧፍ ሰጧት?» አለኝ። ትዕግሥት ሳቋ አመለጣት። ማኅደርም ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፤ ከቀብርሽ ወዲህ በቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳቀው ያን ቀን ነበር። ከዚያ ማኅደር ሳቋን ሳትጨርስ ምስሎቹን መሰብሰብ ጀመረች። ታሪኩ የቆመው ወይዘሮ ዘነበች ድልድይ ላይ ቆማ መንገደኞቹን ስትጠይቅ ነው አሉኝ። ምስሉ ጠረጴዛው ላይ በሌለ ሰው ቦታ ማንም አይናገርም፤ የጨዋታው ደንብ ነው። ዘነበች ካልተናገረች ደግሞ ማንም አይሻገርም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ጸጥ አለ። ማኅደር ከዶርም መምጣት አቆመች። ስደውልላት «ፈተና አለብኝ፣ አባዬ» ትለኛለች። በየሳምንቱ ፈተና የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ የለም። እኔም ተምሬያለሁ፤ አውቃለሁ። ከቤታችን እስከ ዩኒቨርሲቲው በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። እናቷን አንድ ጊዜ ቀብራ እኔ ደግሞ ሁለተኛ አቃጠልኩባት ብዬ ቁጭ አልኩ።

በመጨረሻ ተነስቼ ሰሚር አባቱን ወደሚያግዝበት ሱቅ ሄድኩ። በሳሙናና በስኳር መካከል ቆሞ አገኘሁትና ዘነበች ማን እንደሆነች ጠየቅኩት።

«ቁጡ ናት፣ ጋሼ» አለኝ። «የአባይን ድልድይ ትጠብቃለች። ከወዴት እንደመጣ በትክክል ያልተናገረን ሰው አታሳልፍም። አንዴ ንጉሡን ጭቃ የነካ ጫማውን አስወልቃ መልሳዋለች። እትዬ የሺ ጠረጴዛውን ሲመቱት እኮ ምስሎቹ በሙሉ ይወድቁ ነበር።»

ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ጠረጴዛ መትተሽ አታውቂም። እኔ በወጥ ጨው፣ በመሥሪያ ቤት፣ በራዲዮ ስቆጣ አንቺ መስኮቱን ብቻ ትዘጊ ነበር። ያ ሁሉ ቁጣ የት ተቀምጦ ኖረ? በኔ ላይ የተጠራቀመ ነበር? ከሱቁ እስከ ቤት ስጠይቅሽ መጣሁ። ማኅደር ዘንድ ደውዬ ይህንኑ ብላት «እማዬ ምን ትል እንደነበር ልንገርህ?» አለችኝ። «በዚህ ቤት ያለው ቁጣ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚበቃው፤ ቅዳሜ ተራዬ ነው ትል ነበር።»

በማግሥቱ ከገበያ ሰም ገዛሁ።

የመጀመሪያዋን በልክ ሠራኋት፤ ሃያ ስምንት ሚሊ ሜትር። ምንም ስህተት አልነበራትም። ግን ዶሮ እንኳ አትመልስም። ሰሙ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቅብኛል፣ እሳት አጠገብ ሳስጠጋው ይፈስብኛል። በቢላዋ ብቀርጸው ይፈረፈራል። ስንቱን እንደሰደብኩ አልነግርሽም። አንድ ቀን ተናድጄ ቁራጩን በጭብጤ ይዤ ጓሮ ወጣሁ፤ ኮኩ ሥር ቆይቼ እጄን ብከፍተው ለስልሷል። ለካ በእጅ ይዞ መቆየት ብቻ ነው የሚፈልገው። አንቺ ዳቦው ሲበላ አንድ እጅሽን ከጠረጴዛው ሥር ታቆዪ የነበረው ለዚህ ነበር?

ሰባተኛዋን ዘጠና ሚሊ ሜትር አደረግኳት፤ ከጅቡ ትበልጣለች። ለምን ብለው ቢጠይቁኝ መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም።

ለማኅደር «ዘነበች ተመልሳለች» ብዬ መልእክት ላክሁ። ቅዳሜ ሦስቱም መጡ። ከጫማ ካርቶን የሠራሽውን ድልድይ ዘረጉ፣ እሷን ከመሐል አቆሟት። ሰሚር መንገደኞቹ እንደደረሱ ተረከና «ወይዘሮ ዘነበች ምን ትላለች?» ብሎ ወደኔ ዞረ።

የሺዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስቆጣ ኖሬ ያን ሰዓት ቁጣ አጣሁ። በመጨረሻ «ድልድይ ላይ ትታችሁኝ ሰባት ወር የት ከረማችሁ?» አልኩና ጠረጴዛውን መታሁት። ወታደሩና አህያዋ ወደቁ።

ማኅደር አህያዋን አንስታ አቆመች። «ከወዴት እንደመጣን በትክክል እንንገርሽ» አለች፤ ወደኔ ሳይሆን ወደ ሰሟ እያየች። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ባጃጅ ተሳፍራ እስከ ደጃችን ትደርስ እንደነበር፣ ኮብልስቶኑ ላይ ቆማ በሩን አይታ እንደምትመለስ፣ ውስጥ የምታገኘው ዝምታ እንደሚያስፈራት ተናገረች። ሰሚርና ትዕግሥት ወደ ቆርኪዎቹ ያዩ ነበር። እኔ አባቷ ብሆን ኖሮ አቋርጬ አንድ ነገር እላት ነበር። ዘነበች ስለነበርኩ እስከ መጨረሻው ሰማኋት። ከዚያ እንዲሻገሩ ፈቀድኩ።

የአህያዋ ጭራ የመላጫ ብሩሼ ነው። ትናንት ስላጭ ከአንድ ወገን ሳስቶ አየሁት። ሌላ ምን እንደወሰድሽብኝ ለማወቅ ቤቱን ማየት አላቆምም።

ሰሟ እንድትደርቅ አልተዋትም። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ልጆቹ ሳይመጡ፣ በእጄ ይዤ እቆያለሁ፤ ስላንቺ አዲስ ነገር በሰማሁ ቁጥር ፊቷን አስተካክላለሁ። ሌላውን ቀን እንደለመድኩት እቆጣለሁ፤ ታውቂኛለሽ። ቅዳሜ ግን ተራሽ ነው።

ባልሽ